ሜንሺየስ ያላለውን አናስብለው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ ጓደኛዬማ «ያንተን ቻይናዎች አፈር ድሜ አብልተዋቸዋል፤ እስቲ መልስ ስጥ» የሚል ጨመረችበት። ርዕሱ «ሰው ደግ ሆኖ ይወለዳል? የሁለት ሺህ ዓመት የዋህነት» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። እኔም ማን ናቸው ብዬ አላጣራሁም። ጉዳዬ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ጽሑፉ ይጥማል። አጭር ነው፣ ቀልድ አለው፣ የሚደብር አንቀጽ የለውም። ዱላውም ብርቱ ነው። ያረፈው ግን ሰውየው በሌለበት ቦታ ነው።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ኮንፊሽየስ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ ይወለዳል ብሎ አስተማረ ይላሉ። ይህን ለማፍረስ የአንድ ቀን ዜና መስማት ይበቃል፤ ጦርነቱ፣ ሌብነቱ፣ ጭካኔው። ቀጥለው ሐሳቡ ከራሱ ጋር ይጣላል ይላሉ፤ ደግ ሆኜ ከተወለድኩ ትምህርት፣ ራስን ማነጽና ሕግ ለምን ያስፈልጋል? ደግነት የምንለው ሲገላለጥ ይሉኝታ ነው፣ የሥነ ልቦና ሙከራዎችም ይህን አሳይተዋል ብለው ያክላሉ። ደግሞም ይህ ትምህርት ነገሥታት ሕዝብን አንገት ለማስደፋት የተጠቀሙበት ነው። መጨረሻ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሃይማኖታችን ጋር አይሄድም ብለው ያሳርጋሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ኮንፊሽየስ ይህን አላለም።

ሰውየው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ አስተማሪ ነው። አገሩ ዛሬ ሻንዶንግ በምትባለው የቻይና ግዛት፣ ቹፉ ነው። ትምህርቱን የምናውቀው በዋናነት ተማሪዎቹና ከእነሱ በኋላ የመጡት ከሰበሰቧቸው ንግግሮች ነው። በዚያ ስብስብ ውስጥ ስለ ሰው ተፈጥሮ በቀጥታ የተናገረው አንድ አጭር መስመር ነው፦ ሰዎች በተፈጥሮ ይቀራረባሉ፣ በልማድ ይራራቃሉ። በቃ። ደግ የለ፣ ክፉ የለ። እንዲያውም ዚጎንግ የሚባል ተማሪው፣ መምህራችን ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲናገር አይሰማም ብሎ ነበር።

«ተፈጥሮ ደግ ነው» ያለው ሜንሺየስ ነው። ቻይናዎቹ መንግዙ ይሉታል። ኮንፊሽየስ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የተወለደ ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ሹንዙ መጣ። እሱም የኮንፊሽየስ ተከታይ ነው፤ ግን ሽንጡን ገትሮ «የሰው ተፈጥሮ ክፉ ነው፣ ደግነት በጥረት የሚመጣ ነው» ብሎ ጻፈ። ሜንሺየስንም በስሙ እየጠራ ተቸው። ጸሐፊው «እነ ኮንፊሽየስ» ብለው በአንድ ጆንያ የከተቷቸው ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። የቻይና ሕፃናት ለዘመናት ንባብ ሲጀምሩ እየጮሁ የሚሸመድዱት ባለሦስት ቃል ስንኝ አለ። ሲጀምር እንዲህ ይላል፦ ሰው ሲወለድ ተፈጥሮው ደግ ነው፤ በተፈጥሮ ይቀራረባል፣ በልማድ ይራራቃል። የመጀመሪያው የሜንሺየስ ሐሳብ ነው፣ ሁለተኛው የኮንፊሽየስ። አብሮ ሲባል የማን የማን እንደሆነ ይጠፋል። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በዜማ የገባ ነገር ማን ደረሰው ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ ይህቺን እንለፋት። ከዚህ በኋላ ጨዋታው ከሜንሺየስ ጋር ነው።

«ዜና ስሙ» የሚለው ነጥብ ሜንሺየስ ዜና የማይሰማ ሰው ይመስል የተጻፈ ነው። የኖረበት ዘመን እኮ የታሪክ ሰዎች «የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን» የሚሉት ነው። ጦርነት የቀን ተቀን ነገር ነበር። እሱ ደግሞ ከንጉሥ ወደ ንጉሥ እየዞረ የሚመክር ሰው ነበር። ለሊያንግ ንጉሥ ለሁዊ የተናገረውን እዩት፦ ጓዳህ የሰባ ሥጋ አለበት፣ ጋጣህ የሰቡ ፈረሶች አሉበት፤ የሕዝብህ ፊት ግን በረሃብ ገርጥቷል፣ ሜዳው ላይ በረሃብ የሞቱ ወድቀዋል፤ ይህ አውሬ እየመሩ ሰው ማስበላት ነው። ፊት ለፊት ነው ያለው፣ ለንጉሡ። የዋህ እንዲህ አይናገርም።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያየ እንዴት «ደግ ነው» አለ? ስለ አንድ ተራራ ተናግሯል። የበሬ ተራራ ይባላል፣ በትልቅ ከተማ አጠገብ ያለ ነው። ድሮ ዛፉ ያማረ ነበር። ከተማው ቅርብ ነውና መጥረቢያ በዛበት። (ከከተማ አጠገብ ያለ ተራራ ምን እንደሚደርስበት ለእኛ አይነገረንም።) ሌሊት ያርፋል፣ ዝናብና ጤዛ ያገኘዋል፣ ቡቃያ ብቅ ይላል። ሲነጋ ከብትና በግ ይለቀቅበታል፣ ያቺንም ይግጣታል። በመጨረሻ ተራራው መላጣ ሆነ። አላፊ አግዳሚው ያየውና «ይሄ ከጥንትም ዛፍ አልነበረውም» ይላል። ሜንሺየስ ይጠይቃል፦ መላጣነት የተራራው ተፈጥሮ ነው?

ሰውም እንዲሁ ነው ይላል። ቀን የምንሠራው ሥራ መጥረቢያ ይሆንብናል። ሌሊት ትንሽ እናገግማለን። ንጋት ላይ፣ ቀኑ ገና ሳይነካን፣ የማንም ሰው ልብ ከሌላው ብዙ የማይርቅበት ሰዓት አለ። ከዚያ ቀኑ ይመጣና ይግጠዋል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ሌሊቱም አልበቃ ይላል። ያን ጊዜ ሰውየው ከአውሬ ብዙም አይለይም። ይህን ያለው እኮ ያው «ሰው ደግ ነው» ይላል የተባለው ሰው ነው።

ጸሐፊው የሳቱት ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሜንሺየስ «ሰዎች ደጎች ናቸው» አላለም። ቡቃያው አለ ነው ያለው። ቡቃያዎቹን አራት አድርጎ ይቆጥራቸዋል፦ ለሌላው መራራት፣ በመጥፎ ነገር ማፈር፣ «እርስዎ ይቅደሙ» ማለት፣ ልክ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት። ሰው እጅና እግር እንዳለው እነዚህም አሉት ይላል። ግን ቡቃያ ናቸው። ጤፉ ገና ብቅ ሲል አይቶ ምጣድ የሚጥድ የለም። መሬቱ ጭንጫ ነው ብሎ የሚሄድም የለም።

በሌላ ቦታ ደግሞ የጥጋብ ዓመት ወጣትና የችጋር ዓመት ወጣት ጠባያቸው የሚለያየው ተፈጥሯቸው ስለተለያየ አይደለም ይላል። ገብስ ዘርታችሁ እዩ። ዘሩ አንድ ነው። መሬቱ፣ ዝናቡና የገበሬው እጅ ግን አንድ አይደለም።

ጸሐፊው አንድ ጠንካራ ጥያቄ አንስተዋል፤ ዘልዬው ባልፍ ነውር ነው። ደግ ሥራ ሲታይ «ይኸው ተፈጥሮው»፣ ክፉ ሥራ ሲታይ «ተቆርጦ ነው» ከተባለ፣ ይህ ሐሳብ በምን ይረታል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን እሳቸውንም ይይዛቸዋል። ክፉ ሲያዩ «ይኸው ተፈጥሮው» ይላሉ፣ ደግ ሲያዩ «ጥቅም ፈልጎ ነው» ይላሉ። እሳቸውስ በምን ይረታሉ? ሜንሺየስ ቢያንስ የት ሄደን እንደምንፈትሸው ነግሮናል፤ ሰው ለማሰብ ጊዜ ባላገኘበት ቅጽበት። እዚያ ምንም ካላገኘን ተሸንፏል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሌላም የምሰጣቸው ነጥብ አለ። ለሌላ ሰው መራራት ጭራሽ የማይሰማቸው ጥቂት ሰዎች እንዳሉ ዛሬ እናውቃለን። ሜንሺየስ እንዲህ ያለውን «ሰው አይደለም» ብሎ ዘጋው። እዚህ ላይ አልከተለውም። ይህ አነጋገር ክፉ አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይተናል።

«ደግ ሆኜ ከተወለድኩ ለምን እማራለሁ?» ወደሚለው ልለፍ። አማርኛ ይዞ የተወለደ ልጅ አላየሁም። መናገር የሚችል ሆኖ ግን ይወለዳል። ድንጋይ ሃያ ዓመት ብታዋሩት አማርኛ አይለምድም፤ ልጅም ሃያ ዓመት ማንም ሳያዋራው ቢቀር አይናገርም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የት ጋ ነው ጠቡ?

ሜንሺየስ ራሱ ለዚህ የሚያስቅ ታሪክ አለው። ሶንግ በሚባል አገር አንድ ገበሬ ነበር። ሰብሉ ቶሎ አላድግ አለው። አንድ ቀን ማሳው ገብቶ ቡቃያውን አንድ በአንድ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አደረገው። ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬስ ደከመኝ፤ ሰብሉን ሳሳድግ ዋልኩ» አለ። ልጁ ሮጦ ሄዶ ቢያይ ሁሉም ጠውልጓል። ሜንሺየስ ሁለት ዓይነት ሰነፍ አለ ይላል። አንዱ ምንም አይጠቅምም ብሎ የማያርም ነው። ሌላው የሚጎትት ነው። የጸሐፊው ክርክር ሜንሺየስን የመጀመሪያውን፣ የማያርመውን ገበሬ ያደርገዋል። ሜንሺየስ ግን ሁለቱንም ነው የሚስቅባቸው። ልጅ በቀበቶ ጨዋ ይሆናል ብለው የሚያምኑ ወላጆች የሁለተኛው ገበሬ ዘመዶች ይመስሉኛል፤ ይህ የእኔ ጭማሪ ነው።

ራስን ማነጽ ለእነዚህ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ኮንፊሽየስ ስለ ራሱ ሲናገር፣ በ15 ዓመቴ ልቤን ለትምህርት ሰጠሁ፣ በ30 በእግሬ ቆምኩ፣ በ40 መወላወል ተወኝ እያለ ይቀጥላል። ልቡ የፈለገውን ቢከተል ከልኩ እንደማያልፍ እርግጠኛ የሆነው በ70 ዓመቱ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት ፈጀበት ማለት ነው፣ ያውም ለኮንፊሽየስ። ዜንግዙ የሚባለው ተማሪው ደግሞ በየቀኑ በሦስት ነገር ራሴን እመረምራለሁ ይላል፦ ለሰው ስሠራ ከልቤ ነበር ወይ? ለወዳጆቼ ታምኛለሁ ወይ? የተማርኩትን ተለማምጃለሁ ወይ? እኔ ሞክሬው ነበር። ሁለት ሳምንት አልቆየሁም። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው የማፍረው።

ሹንዙም ቢሆን፣ ተፈጥሮ ክፉ ነው የሚለው፣ ወደ ያው ሥራ ነው የሚደርሰው። ጠማማ እንጨት በእንፋሎት ለዝቦ፣ በቅርጽ ተይዞ ይቃናል ይላል። መምህር፣ ወግ፣ ድግግሞሽ። የመንገድ ሰው ሁሉ ታላቅ ጠቢብ መሆን ይችላል ይላል፤ ሜንሺየስም ያንኑ ይላል። የተጣሉት መነሻው ላይ ነው፣ መንገዱ ላይ ብዙም አይራራቁም።

ጸሐፊው «መንግሥት ሰው ክፉ ነው ብሎ ቢነሳ ይሻላል» ማለታቸውን ግን እንዲሁ አላልፈውም። ይህ ተሞክሯል። ሃን ፌይና ሊ ሲ የሹንዙ ተማሪዎች ነበሩ። የመምህራቸውን ትምህርትና ወግ ትተው ሰውን የሚገዛው ቅጣትና ሽልማት ነው አሉ። ሊ ሲ የቺን መንግሥት ዋና ሹም ሆነ። ቺን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ አደረገች። በ15 ዓመት ውስጥ ፈረሰች። የወደቀችበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ሁሉን በዚህ አላሳብብም። ለምሳሌነት ግን አትበቃቸውም።

አሁን ወደ ይሉኝታ እንምጣ። ጽሑፉ ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህ ነጥብ ነው፣ በጣም የተሳሳተብኝም ይኸው ነው።

ሜንሺየስ እንዲህ ይላል። አንድ ሰው ሳያስበው፣ ሕፃን ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ሊወድቅ ሲል አየ እንበል። ማንም ቢሆን ይደነግጣል፣ ልቡ ይራራል። ከልጁ ወላጆች ጋር ወዳጅነት ፈልጎ አይደለም። ጎረቤትና ጓደኛ እንዲያመሰግነው አይደለም። መጥፎ ስም እንዳይወጣለት ፈርቶም አይደለም። ልብ በሉ፣ ይሉኝታን ራሱ ሜንሺየስ ቀድሞ አንስቶ አስወጥቶታል። ደግሞ ሁሉም ሰው ልጁን ያድናል አላለም። ይደነግጣል ነው ያለው።

ባለፈው ክረምት ከሥራ ስመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አንድ ረዳት ከአንዲት ሴትዮ ጋር በመልስ ይጨቃጨቃል። ነገሩ የአምስት ብር ነው። «ዝርዝር የለኝም» ይላል፤ እጁ ላይ ግን የተጣጠፈ የብር ክምር ይዟል። ከእነሱ አለፍ ብሎ የቱቦ ክዳን የተወሰደበት ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ሞልቶ አፉ እንኳ በደንብ አይታይም። ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእናቱ እጅ አመለጠና ወደዚያው ሮጠ። ቆሎ ሻጯ፣ ሊስትሮው፣ ሰልፉ ሁሉ፣ እኔም፣ ባንድ አፍ «ውይ!» አልን። ማንም ማንንም አላማከረም። ልጁን አፈፍ ያደረገው ረዳቱ ነው። ያው ዝርዝር የለኝም ባዩ። ብሩ መሬት ላይ ተበተነ። ልጁን በጃኬቱ ቆብ ይዞ ጎተተውና ለእናቱ ሰጣት፤ «ልጅ ይያዛል እንጂ!» ብሎም ጮኸባት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሩን ለቃቅሞ ታክሲው ውስጥ ገባ። ለሴትዮዋ መልሷን አልሰጣትም።

ይሉኝታ ከስሙ ጀምሮ «ምን ይሉኛል» የሚል ሐሳብ ይፈልጋል። ለማሰብ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። ያ «ውይ!» ጊዜ አልነበረውም። ይሉኝታው በኋላ መጣ፣ አየሁት። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ሁላችንም እንድንሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ እናትየዋን ይመክር ጀመር። እኔም ከጉድጓዱ ርቄ መቆሜ ትዝ አለኝና፣ ሰው አይቶኝ ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ሁለቱ ነገሮች እዚያው ቦታ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱ ሌላው አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ ደግነት የምንለው ብዙው ነገር ይሉኝታ ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ኮንፊሽየስም ሳይስማማ አይቀርም። ለሁሉ ሰው የሚመች፣ ማንም የማይቀየመው፣ መንደሩ ሁሉ ጨዋ የሚለው ሰው ነበር የሚያናድደው፤ «የምግባር ሌባ» ብሎታል። እንዲህ ያለ ትምህርት ይሉኝታን ደግነት ብሎ ይሸጣል ማለት ይከብዳል።

ስለ ረዳቱ ሳስብ ትዝ የሚለኝ ቺ የሚባል አገር ንጉሥ የነበረው ሹዋን ነው። በሬ ሲጎተት አየና ወዴት ነው አለ። አዲስ ደወል በደሙ ሊባረክ ነው አሉት። «ተዉት፤ ያለ ጥፋቱ ወደ ሞት እንደሚነዳ ሰው ሲንቀጠቀጥ ማየት አልችልም።» ሥርዓቱ ይቅር ወይ? «አይቅር፤ በበግ ለውጡት።» ሕዝቡ ንጉሡ ስስታም ነው ብሎ አማው። ሜንሺየስ ግን ስስት አይደለም አለው፤ በሬውን አየኸው፣ በጉን አላየኸውም። ከዚያ ጨከነበት። ለበሬ የደረሰ ርኅራኄ ለሕዝብህ እንዴት ሳይደርስ ቀረ? ይህ አለመቻል አይደለም፣ አለማድረግ ነው። ራስን ማነጽ የሚለው በአብዛኛው ይህንን ነው፤ አንድ ቦታ ያለህን ልብ ወደሌለበት ቦታ ማዳረስ። ረዳቱ ለልጁ የነበረው ልብ አምስት ብሩ ጋ አልደረሰም። ጸሐፊው አምስት ብሩን አይተው ፈረዱ። እኔ ሁለቱንም አየሁ።

ሙከራዎቹንም እንያቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስታንሊ ሚልግራም ያደረገውን ጠቅሰዋል። ተሳታፊዎች ሌላ ሰውን በኤሌክትሪክ የሚቀጡ መስሏቸው፣ ቀጥሉ ሲባሉ ከ40ው 26ቱ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 450 ቮልት ሄዱ። ያስፈራል፤ አላቃልለውም። ግን ጸሐፊው የተዉት ነገር አለ። ሰዎቹ ያላባቸው ነበር። ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር፣ ይቅር እያሉ ይለምኑ ነበር። ተፈጥሮው ክፉ የሆነ ሰው ለምን ያልበዋል? በሬውም፣ ረዳቱም፣ የዬሉ ሰውዬም ይንቀጠቀጣሉ። ሙከራው ያሳየው ቡቃያው አለመኖሩን አይመስለኝም። ግራጫ ጋዋን የለበሰ አዛዥ ፊት ለፊቱ ሲቆም እንዴት በቀላሉ እንደሚረገጥ ነው። ያ ደግሞ የበሬ ተራራ ነው።

የስታንፎርዱን የእስር ቤት ሙከራ፣ ተማሪዎች ጠባቂና እስረኛ ሆነው የተፈተኑበትን የ1971ዱን፣ ብዙ ባይደገፉበት ይሻል ነበር። ጠባቂ የሆኑት ተማሪዎች ጠንከር እንዲሉ ሲጎተጎቱ እንደነበር በኋላ ከወጡት ቅጂዎች ታውቋል። ፍርዱን ለማመጣጠን የእኔንም ወገን ልንካ። የስድስት ወርና የአሥር ወር ሕፃናት ሌላውን ከሚያደናቅፍ አሻንጉሊት ይልቅ የሚያግዘውን ይመርጣሉ የተባለው የ2007 ጥናት፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ሲደገም ውጤቱ አልተገኘም። ስለዚህ አልጠቅሰውም። የዓመት ከመንፈቅ ልጆች ሰው የጣለውን ዕቃ ማንም ሳያዛቸው አንስተው እንደሚሰጡ የታየበት የ2006ቱ ሙከራ ግን አለ። ልጅ ያሳደገ ሰው ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የመኪና ቁልፍ አምጥቶልህ በኩራት ያይሃል። በማግስቱ ያንኑ ቁልፍ ሽንት ቤት ይጥለዋል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

የነገሥታት መሣሪያ ነው የሚለው ክስ ግማሹ እውነት ነው። ከ1313 ጀምሮ፣ ዡ ሺ የሚባል ሊቅ ማብራሪያ የጻፈባቸው የኮንፊሽየስና የሜንሺየስ መጻሕፍት የመንግሥት ፈተና ሆነው እስከ 1905 ዘልቀዋል። ለሹመት የሚሸመደድ መጽሐፍ ለልብ ብዙ አይተርፈውም። ሴቶችንም በዚህ ትምህርት ስም ብዙ በድለዋል። በ1919 የተነሱት የቻይና ወጣቶች ኮንፊሽየስን ሲያወግዙ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ግማሹ ግን እውነት አይደለም። ያው ንጉሥ ሹዋን፣ ንጉሥን መግደል ይፈቀዳል ወይ ብሎ ሜንሺየስን ጠየቀው። የድሮው ግፈኛ ንጉሥ ዦው መገደሉን ማንሳቱ ነው። ሜንሺየስ ሲመልስ፣ ዦው የሚባል አንድ ተራ ሰው ተገደለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ንጉሥ ተገደለ ሲባል ግን አልሰማሁም አለ። ይህን ለንጉሥ ነው የሚለው። በሌላ ቦታ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ሕዝቡ ነው፣ ንጉሡ ከሁሉ ይቀላል ይላል። እንጀራ የሌለው ሕዝብ ጠባዩ ቢበላሽና ብትቀጣው፣ ወጥመድ ዘርግተህ መያዝህ ነው ይላል።

የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ሆንግዉ ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። ሜንሺየስ በኮንፊሽየስ መቅደስ መከበሩ እንዲቀር አዝዞ ነበር። በ1394 ደግሞ ከመጽሐፉ 85 አንቀጽ ተቆርጦ እንዲወጣ አደረገ። ጸሐፊው እንዳሉት ነገሩ የንጉሥ መሣሪያ ብቻ ከሆነ፣ ንጉሡ መቀስ ምን አስያዘው?

ስለ ሃይማኖቱ ብዙ አልልም። ስለ አዳም ውድቀት የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ እኔ ከእነሱ አንዱ አይደለሁም። ሜንሺየስ ስለ ድኅነት አልተናገረም። የተናገረው ልጅ ወደ ጉድጓድ ሲሮጥ ሰው ስለሚሰማው ነገር ነው። ይህ ብቻውን ከየትኛው ቀኖና ጋር እንደሚጣላ ጸሐፊው ቢነግሩን ጥሩ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ባይሆን ይመረጣል።

ለጓደኛዬ ይህን ከመላኬ በፊት አነበብኩላት። «እሺ፣ ሁላችሁም ውይ አላችሁ። ጉድጓዱንስ ማን ከደነው?» አለችኝ። ማንም አልከደነውም። ያን ቀን ሁላችንም ታክሲያችንን ይዘን ሄድን፣ እኔም። በማግስቱ ሳልፍ እንደተከፈተ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ አሮጌ ጎማ ተደርጎበታል፤ መሐሉ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተሰክቷል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሯል። ቆሎ ሻጯን ማን አደረገው አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሌሊት ነው መሰለኝ፤ ጠዋት ስመጣ ነበር።»